የማይጸናው አግዳሚ

ከቀኑ ሰዓቶች ሁሉ አናጺው ምንዋጋው የሚፈራው አንዱን ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ከሰቆጣ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ስታዘቀዝቅ ሥራ የሚፈታበትን። የአረቄ አምሮት እንደ ጅብ ነው፤ ብርሃን ሲደክም ይነቃል። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዓመታቱን በጠጣበት አረቄ ቤት ደጅ ያልፋል።

አረቄውን ከተወ ወዲህ ያን ሰዓት የሚያሳልፈው ከዚያው መለስ ብሎ ባለው የዓሲያ ሻይ ቤት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የጠራችው ዓሲያ ራሷ ናት። "ወንድሜ ምንዋጋው፣ ይህ አግዳሚ ሊጥለን ነው፤ እባክህ አንዴ እየው" አለችው። አጠበቀላት። በማግስቱ ሌላው ተናጋ። በሳልስቱ ጠረጴዛው አነከሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ እጁ መዶሻ ይዞ፣ ጆሮው የባለሱቁንና የባጃጅ ሾፌሩን ጨዋታ እየሰማ፣ አስፈሪው ሰዓት ሳይታወቀው ይመሻል። ሚስቱ ለተጊዮርጊስም ከደጃፍ ተቀብላ ትንፋሹን ማሽተት ከተወች ሰንብታለች።

"ምን ዓይነት ደንበኛ ነው ያለሽ? ዝሆን ነው የሚቀመጥበት?" ይላታል።

"ወሬያቸው ይከብዳል" ትመልሳለች ዓሲያ።

አንድ ሐሙስ ግን ቀደም ብሎ መጣ። ባለሱቁ ሐይደር ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ከአግዳሚው ሥር ተንበርክኮ፣ ትናንት የተመታውን ምስማር በጉጠት ይነቅላል። ዓሲያ ብርጭቆ እያጠበች "ፍጠን እንጂ፣ ሊመጣ ነው! ነገ የተስፋው ተራ ነው" ትለዋለች። የባጃጅ ሾፌሩ ተስፋው ከጥግ ተቀምጦ ይስቃል።

ምንዋጋው ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

"ለካ ሥራ አልነበረም" አለ። "ለካ እንደ ሕፃን መጫወቻ እየሰጣችሁ ታባብሉኝ ኖሯል።"

"በአላህ፣ ስማኝ እንጂ…" አለ ሐይደር።

አልሰማውም። መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ወርውሮ ወጣ። ውለታ ተሰውሮ ሳለ ላባ ነው፤ ሲገለጥ ግን የኩሩ ሰው ትከሻ አይችለውም። የአረቄ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሽታው እስከ መንገድ ወጥቶ እንደ ጥንት ወዳጅ ተቀበለው። ቆመ። አንድ እግሩን ከመድረኩ ላይ አሳረፈ።

ያን ጊዜ ከወደ ሻይ ቤቱ ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የተወረወረ እርግማን። ሰውየውን በድምፁ ለየው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ አባ ገብረ ጻድቅ ነበሩ። እሱ እንደ ወጣ ገብተው፣ የምስማሩን ነገር የነገራቸው ሳይኖር፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ኖሯል።

ዞሮ ሮጠ። ሽማግሌው እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ተዘርረዋል።

"ተጎዱ አባ?"

"እኔስ ደኅና ነኝ፤ አናጺውን ነው የማልምረው! ይህ ነው ሥራህ?"

"የኔ አይደለም አባ፤ የሐይደር እጅ ሥራ ነው።"

ሐይደር ጉጠቱን ከኋላው ደበቀ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ነገሩ ሲነገራቸው ግን ሽማግሌው አልሳቁም።

"አዬ ልጄ! እኔ ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ይህች ዓሲያ 'ሬዲዮዬ ተበላሽቷል፣ ዜናውን ይንገሩኝ' እያለች ታስጠራኛለች። ሬዲዮው ደኅና እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ቸገረኝ? እመጣለሁ፣ እናገራለሁ።"

ዓሲያ ዓይኗን ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰች።

ምንዋጋው ተንበርክኮ አግዳሚውን ገለበጠው፤ እግሩ በእርግጥ ተሰንጥቆ ነበር።

"ይኸኛው እንኳ እውነተኛ ስብራት ነው" አለ፤ ሳይወድ ፈገግ አለ። ለጊዜው እንዲይዝ ጠርቦ፣ ገጥሞ፣ ምስማሮቹን አንድ በአንድ እስከ አንገታቸው መታ። የመጨረሻውን ግን እስከ ግማሹ ብቻ ሰድዶ ተወው። ሁሉም አዩት።

"ነገ የማን ተራ ነው ያላችሁት?" አለ ከረጢቱን እያነሳ።

"የኔ" አለ ተስፋው አፍሮ።

"ጉጠቱን ቀስ አድርገህ ያዝ፤ እንጨቱን እንዳትልጥብኝ።"

"እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጠው" አሉ አባ ገብረ ጻድቅ።

ምንዋጋው እየሳቀ ወጣ። የአረቄ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነበር፤ እሱ ግን ለዚያ ለተሰነጠቀ እግር ወይራ ይሻል ወይስ ዋንዛ የሚለውን እያወጣ እያወረደ አለፈው።