ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ራሕዋ

ካዛንቺስ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ድርጅት ነበር። ድረ ገጹን የሚጠብቀው አርአያ ነው፤ ካውንተር ላይ ተቀምጣ ደንበኛ የምትመዘግበው ደግሞ ሚስቱ እጸገነት። አንድ ቢሮ ይውላሉ፣ በአንድ ታክሲ ቄራ ይገባሉ፤ ጨዋታቸው ግን ካለቀ ዓመት አልፎታል። የሁለት ዓመት ልጃቸው በሳንባ ምች ከሞተችባቸው ወዲህ ማለት ነው። አርባዋ በወጣ ማግስት አርአያ ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፣ ፎቶዋን ከግድግዳ አወረደ፣ ሚስቱንም የልጅቷን ስም ዳግመኛ እንዳታነሳበት አስጠነቀቃት። ጨክኖ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ! ስሟ ሲጠራ እንባው ይቀድመዋል። ወንድ ልጅ ግን ይህን መናገር መች ይሆንለታል፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘጋው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ተከስተ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የደንበኞቻቸው ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል አፈትልኮ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል፤ በሰው አካውንት እየገቡ ትኬት የሚሰርቁም ተነስተዋል። ስንት ደንበኛ እንደተጋለጠና ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ምሳ ሰዓት እንዲነገረው አዘዘ። ጥፋተኛው ነገ እዚህ ቢሮ እንደማይገባም ጨመረበት።

አርአያ የተለጠፈውን ዝርዝር አውርዶ ከራሳቸው መዝገብ ጋር ማመሳከር ያዘ። ብዙው የይለፍ ቃል የተለያየ ነው፤ አንዱ ግን ይደጋገማል። ራሕዋ። ዝቅ አለ፣ ራሕዋ። አሁንም ዝቅ አለ፣ ራሕዋ። ቆጠረው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ የልጁ ስም።

ነገሩ ወዲያው ገባው። ካውንተር የሚመጡ እናቶችና አባቶች የይለፍ ቃል ምረጡ ሲባሉ፣ እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፣ አንቺው ጻፊልኝ ነው መልሳቸው። እጸገነት ይህንኑ ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጣለች፣ ቤት ስትገቡ ለውጡት ትላለች፤ ማን ይለውጣል! የአንዱን ያወቀ ሌባ የሁሉንም ይከፍታል።

ኮሪደር ላይ ጠርቶ ጠየቃት። አልካደችም።

«ቤት ውስጥ እንዳልጠራት ከለከልከኝ» አለችው። «እዚህ ስጽፋት ግን ምንድን ነው ይሉኛል። የልጄ ስም ነው እላለሁ። ያሳድግልሽ ይሉኛል። አሜን እላለሁ፣ አርአያ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ አሜን እላለሁ።»

አርአያ ተመልሶ ለተከስተ ሪፖርቱን ጻፈ፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሲይዝ ሲስተሙ ዝም ያለው በእኔ ጥፋት ነው ብሎ ራሱን አስመዘገበ። ውሸትም አይደለም።

አሁን ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም መቀየር አለባቸው። እጸገነት ከኋላው ቆማ አንዷን ብቻ እንዲተውላት ለመነችው። በሰው ንብረት ላይ እንዴት አድርጎ ይተውላት? ሁሉንም ቀየራቸው። እሷም ወደ ካውንተሯ ተመለሰች።

የቀረው ማጣራት ነው። በአሮጌው ቃል የሚከፈት አካውንት አለመቅረቱን ለማየት አርአያ የልጁን ስም ፊደል በፊደል ጻፈ፤ ከተቀበረች ወዲህ ሲጽፈው ገና የመጀመሪያው ነው። ፈልግ የሚለውን ተጫነ።

«ምንም አልተገኘም» አለው ኮምፒውተሩ።

ደግሞ ጻፈ። ደግሞ ምንም አልተገኘም። ያኔ አርአያ ቢሮው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ «ራሕዋ!» ሲል ተጣራ፤ እጸገነትም ወረፋ የያዘውን ደንበኛ ጥላ እየሮጠች መጣች።