እሁድን ሳይጠብቁ

ለብ ያለው ውሃ በጀርባቸው ሲወርድ አቶ ክፍለማርያም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ አሉ። ማስታገሻው ከሁርሊንግሃም ሆስፒታል አንስቶ በሐሳብ ምጽዋ ባሕር ዳር አድርሷቸዋል። ነርሷ የውብዳር ፎጣውን በቀስታ ጨመቀች። ከእንዲህ ያለ ባሕር ሰውን መጥራት ነውር ይመስላታል። በመስኮቱ የናይሮቢ የነሐሴ ጉም ተኝቷል፤ ሰማዩም መንገዱም አይለይም።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ከባሕሩ ሳይወጡ። «ከወጣትነቴ ጀምሮ የተሸከምኩት ነገር አለ። ተናዝዤ እቆርባለሁ። አሁን አይደለም፤ ድኜ ስወጣ። እሁድ ይሆናል፣ አይደል?»

የውብዳር እጇ ቆመ። ሐኪሙ እሁድን እንደማያዩ ለልጃቸው ለምሉእ ነግሯታል። ምሉእ ግን ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ብላ፣ ኮሪደር ላይ የነርሷን እጅ ይዛ ለምናለች። «ፕሊዝ ሲስተር፣ ተስፋ እንዳይቆርጥብኝ። ቄስ ካየ ያውቃል።» የውብዳርም አንጀቷ አልችል ብሎ እሺ አለች።

ደግ የሠራች መስሏት ነበር። አሁን ያ ደግነት ሽማግሌውን ከነሸክማቸው ሊሸኛቸው ነው። ሁልጊዜ ሥራ ከመጀመሯ በፊት «እጄን ባርክልኝ» ብላ የምትጸልይ ሴት ናት፤ ስለ ምላሷ ግን ለምና አታውቅም።

«አይደል?» አሉ ደግመው።

ፎጣውን አስቀምጣ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። «አባባ፣ እኔ ብሆን እሁድን አልጠብቅም።»

አቶ ክፍለማርያም ዓይናቸውን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩዋት። የውብዳር ፈራች። ተስፋቸውን በገዛ እጇ የሰበረች መሰላትና እንባዋ መጣ። እሳቸው እርጥብ እጇን ዳበስ አደረጉ።

«እንግዲያው ቄሱን ጥሪልኝ። እግሬንም እጠቢኝ፤ እንግዳ ሊመጣ አይደል።»

ደወለች። የፍልሰታ ጾም ነውና ቄሱ ቅዳሴ ሊገቡ ነበር። ሥጋ ወደሙን ይዘው ከሰዓት እንደሚመጡ ነገሯት፤ የመኪና ጃም ካልያዛቸው። የውብዳር እግራቸውን አጥባ በጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር አደረቀች። እሳቸው ከባሕሩ ተመልሰው፣ ነቅተው፣ አንድ ነገር በልባቸው ያሰናዱ ነበር።

ምሉእ የአጃ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ገባች። ሰሞኑን እሷን የሚያኖራት ይህ ነው፤ አባቷ ሁለት ማንኪያ ከዋጡላት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች። ማንኪያውን ወደ አፋቸው ስታደርስ ፊታቸውን በቀስታ መለሱ።

«ዛሬ አልቀምስም፣ ልጄ።»

«ትንሽ ብቻ፣ አቦይ። ለእኔ ስትል።»

«ከቆረብኩ በኋላ።»

ምሉእ ማንኪያውን እንደያዘች ወደ የውብዳር ዞረች። የውብዳር ዓይኗን አላሸሸችም፤ ብትሰድባትም ልትቀበል ቆርጣለች።

ምሉእ ሾርባውን ከደነችው። ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበችና የአባቷን እጅ ጉንጯ ላይ አደረገች።

«እኔም ከማታ ጀምሮ አልቀመስኩም፣ አቦይ» አለች። «ቄሱን አብረን እንጠብቃቸዋለን።»