ከመጋረጃው ወዲህ

ከመተማ ወጣ ብሎ የነበረው ገብርኤል ሳር ክዳን ነበር። ታቦቱን ከአርማጭሆ ያወረዱት ቆላ ሊያርሱ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ክዳኑን ምስጥ እየበላባቸው በየዓመቱ እንደገና ይከድኑታል። ለቁርባን የሚሆነውን ዘቢብ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ በግመል የሚያመጣላቸው ሽኩር የሚባል ነጋዴ ነበር። እስላም ነው፤ ግን ዘቢቡን ከትንባሆ ጋር ጭኖት አያውቅም።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የጣሊያን ጦር ወደ መተማ እየወረደ መሆኑ ተሰማ። ከካህናቱ ሁለቱ ከዘመቻ አልተመለሱም፤ ዲያቆናቱም ተበትነዋል። የቀሩት ቄስ ደምለው ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውንም ንዳድ ከጣላቸው ሰንብቷል። ምእመኑ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት መሻገር ጀመረ። ታቦቱን ጥሎ መሄድ ግን አልሆነለትም፤ ታቦት ደግሞ ከቄስ በቀር የሚነካው የለም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ገበሬ አዛናው፣ ቄሱን በቃሬዛ አሸክሞ አመጣቸው። ሚስታቸው ፋናዬ ከጎን ከጎን እየሄደች ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች።

"ቀስ በሉ እንጂ፤ የሰሊጥ ጆንያ አደረጋችሁኝ" አሉ ቄሱ።

"ሰሊጥ ቢሆኑማ ሽኩር ዋጋ ያወጣልዎ ነበር" አለ አዛናው።

ቄሱ ሳቁ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ልጆቻቸውን ሊያሻግሩ ተመለሱ። ቄሱ ልብሰ ተክህኗቸውን ለበሱ፤ ግድግዳውን እየተደገፉ ሄደው መጋረጃውን ገለጡና መቅደሱ ውስጥ ገቡ። አዛናውና ፋናዬ ከወዲህ ቀሩ።

ወዲያው የመውደቅ ድምፅ ተሰማ።

"ቄሱ!" አለች ፋናዬ። ትንፋሻቸው ብቻ እንደሚያንኮራፋ ሰው ይሰማል።

"ግባ እንጂ አዛናው!"

"እኔ? በምን ሥልጣን፣ እመይቴ?"

ሽኩር ታቦቱን ለሚያጅቡት ሰዎች ግመሉን ይዞ ከውጭ ይጠብቃል። "ያላ፣ ቶሎ በሉ! አቧራው ታየ! መኪኖቹ ደረሱ!" እያለ ይጮሃል። የሆነውን ሲነግሩት ጫማውን አውልቆ ዘው አለ።

"እኔ ልግባ። ታቦታችሁን ወላሂ አልነካም። ሰውየውን ብቻ ጎትቼ ላውጣቸው።"

አዛናው ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። "አንተማ ጭራሽ!"

"ሰው እየሞተ?"

"ከሞቱም በቦታቸው ነው።"

ሽኩር ወደ ፋናዬ ዞረ። "እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ፋናዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ግባም አላለች፣ አትግባም አላለች።

ተኩስ እስኪሰማ ድረስ ሦስቱም እዚያው ቆሙ። ሲወጡ የቄሱ ትንፋሽ ገና አልተቋረጠም ነበር።

በማግስቱ ከገላባት ሆነው ቤተ ክርስቲያኑ ሲጨስ አዩ። ማን እንደለኮሰው ያየ ሰው የለም።

ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ገላባት ሲደርስ ደግሞ ወደ ገዳሪፍ ራቁ። እዚያ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ ትንሿን ጸሎት ቤቱን ለእሑድ ጠዋት ፈቀደላቸው። አመሰገኑት፤ ግን ታቦት በሌለበት ቅዳሴ የለምና ከደጅ ቆመው ውዳሴ ማርያም ደግመው ይበተናሉ። አንድ እሑድ ሰው ሲበተን ፋናዬ አዛናውን አስቆመችው።

"ሽኩርን ለምን ያዝከው?"

አዛናው መሬት መሬት አየ። "እርስዎም ዝም አሉ።"

"ዝም አልኩ" አለች። "ዝም አልኩ እኮ" አለች ደግማ።

በ1934 ጣሊያን ከጎንደርም ሲወጣ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያኑ በነበረበት ቦታ ሳር በቅሏል። ቦታውን እንዲያይ ከጎንደር የተላከ ወጣት ቄስ፣ አዲሱ እስኪሠራ ድረስ መቅደሱ የነበረበትን ማንም እንዳይረግጠው ማሳጠር ፈለገ።

"የት ጋ ነበር?"

አዛናው በእጁ አሳየው። እጁን ሳያወርድ ፋናዬ አልፋ ሄደች፤ ሳሩ መካከል ተቀመጠች።

"እመይቴ፣ እዚያ እኮ አይገባም" አለ ቄሱ።

"ይተዋቸው አባ" አለ አዛናው። "ባላቸው እዚያ ናቸው።"

ወጣቱ ቄስ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ፋናዬ ሳሩን ነቅላ መሬቱን በጣቶቿ ትምስ ጀመር። አዛናው አጠገቧ ተንበርክኮ አብሯት ማሰ። ከጥቁር አፈር በቀር ያገኙት የለም። እሱኑ ዘገነችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።