ያልተቆጠረው ጓዳ

ወንጌላዊት ጎረቤቴ ናት። አውስትራሊያ፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ላይ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርሽ» እላለሁ። እኔ ፎርክሊፍት የሚሉትን ባለ ሹካ ዕቃ ማንሻ የምነዳበት የዲር ፓርኩ ፋብሪካ በኮምፒዩተር ባለሙያነት ሲቀጥራት ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ውስጥ የሚያወራ ሰው አገኘሁ ብዬ። የት አውርታ! ዓመቱን ሙሉ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከንፈሯን እየነከሰች ነው የተጓዝነው። ድንጋይ ጭኜ ብሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ድንጋይ ቢያንስ «ጋሼ አምኃ፣ ሬዲዮውን ይቀንሱልኝ» አይልም።

ፋብሪካችን ለአረጋውያን ማቆያ ቤቶች ምግብ ይሠራል። መዋጥ ለሚቸግራቸው ሽማግሎች ሾርባው በዱቄት እንዲወፍር ይደረጋል፤ ከቀጠነ ትን ይላቸዋል። ያለ ማወፈሪያው ዱቄት ሥራ የለም ማለት ነው።

የወንጌላዊት ሥራ ኢአርፒ የሚሉትን ሲስተም መትከል ነበር። ድሮ ሽያጭ ክፍል የራሱ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ግዢም የራሱ። የስቶሩ ደግሞ በእትዬ ወሰንየለሽ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሂሳብ ክፍል ከሁሉም በኋላ መጥቶ ያለቅሳል። አሁን ሁሉም አንድ ላይ ሊሆን ነው ተባለ።

የሚጀመርበት ሰኞ ጠዋት፣ መንገድ ላይ፣ «እስቲ ለእኔ ቢጤው አስረጂኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ አንድ ማቆያ ቤት ሾርባ ሲያዝ ሲስተሙ ራሱ ስቶር ገብቶ ያያል። ዕቃው ካለ ኩሽናውን ያዛል። ከጎደለ ለግዢ ይነግራል። ሾርባው ሲደርስ መኪና ይመድባል፣ የመውጫ ወረቀት ያትማል፣ ሂሳቡን ለደንበኛው ይልካል። ማንም ለማንም መደወል የለበትም።»

«እንደ እድር ጡሩምባ በይኛ። አንድ ጥግ ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን ይዞ ይወጣል።»

«እንደሱ።»

«በስህተት የተነፋ እንደሆነስ?»

ላፕቶፑን ዘጋችው። «በእግዚአብሔር ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ።»

ቀልዴን ዋጥኩ። ምክንያቱን አውቃለሁ። አውስትራሊያ የምትኖረው ፋብሪካው ስፖንሰር ሆኗት ነው፤ ባሏ ሩቤልም በእሷ ቪዛ ላይ ተንጠልጥሎ ነርስነት ይማራል። አለቃችን ግሌን ደግሞ ቁርጡን ነግሯት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን መኪኖቹ ከረፋዱ እረፍት በፊት ካልወጡ ወደ አሮጌው አሠራር እንመለሳለን፣ ፕሮጀክቱም ይዘጋል፣ የእሷም ቦታ አብሮ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሻንጣ ማዘጋጀት ነው። ቸርቻቸው እሑድ ዕለት ጸልዮላታል። ጸሎቱን የመሩት እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው፤ ድምፃቸው መኪና ማቆሚያው ድረስ ተሰማ አሉ።

እትዬ ወሰንየለሽ የስቶራችን ሹም ናቸው። ወንጌላዊት ከሐዋሳ የመጣች ሰሞን ሜድስቶን ቤታቸው ያሳረፏት፣ በባቡር መጓጓዝ ያስተማሯት፣ ሰርጓን የደገሱላት እሳቸው ናቸው። እዚህ አገር እናቷ ማለት ናቸው።

ደርሰን ገና ጓንቴን ሳላጠልቅ የኩሽናው ኦላና በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አምኃ፣ ስክሪኔ ቀይ ሆነ።»

«አንተ ምን ነክተህ ነው?»

«እኔ ምን ነካሁ! ዱቄት አይበቃም ይላል። መቀላቀያው አልከፈት አለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ጡሩምባው ተነፋ። ዱቄት አነሰ ሲል ሲስተሙ የኩሽናውን ትእዛዝ አገደ። ትእዛዙ ሲታገድ መኪኖቹን ከምድባቸው አነሳ። መኪኖቹ ሲነሱ ለማቆያ ቤቶቹ በሙሉ «የዛሬው ምግብ አይደርስም» የሚል መልእክት ላከ። ከግዢ ክፍል ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ለአቅራቢው የአስቸኳይ ትእዛዝ ወጣ። ሰው ቢሆን ኖሮ መሃል ላይ አንዱ ቆም ብሎ «ቆይ እስቲ፣ ላጣራ» ይል ነበር። ይኼ አይልም። ስልኮቹ አንድ ላይ መጮህ ጀመሩ። የሽያጯ ልጅ በሁለቱም ጆሮዋ ስልክ ይዛ «ሶሪ፣ ሶሪ» ትላለች። ሾፌሮቹ ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስተው ይጠብቃሉ፤ የመውጫ ወረቀት ከሌለ የግቢው በር አይከፈትላቸውም።

ግሌን ከቢሮው ወጣ። ፊቱ እንደ ኦላና ስክሪን ቀልቷል።

«ቅዳሜ ቆጠራውን ያረጋገጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ወንጌላዊት። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«በግዢው ወረቀት ለሳምንት የሚበቃ ዱቄት ሊኖር ይገባል። የት ገባ?»

«አላውቅም። እያየሁ ነው።»

«እስከ እረፍት ድረስ እይ» አለና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በአገጩ አሳያት። «ከዚያ እዘጋዋለሁ።»

ልጅቷ ቁልፎቹን ትነካለች፣ ጣቶቿ ግን ይሳሳታሉ። ላጽናናት ብዬ «አይዞሽ» ስላት «ጋሼ፣ የገባውን ደረሰኝ ሁሉ አየሁት፣ የወጣውንም አየሁት። ልዩነቱ መደርደሪያው ላይ መኖር አለበት፤ ግን የለም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ክንዴን ያዝ ያደረገኝ ሰው ነበር። እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው።

«አምኃዬ፣ ና እስቲ። ፎርክሊፍትህን ይዘህ ና።»

ተከተልኳቸው። ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ፣ ባዶ ፓሌቶች፣ ዕቃ የሚደረደርባቸው እንጨቶች፣ እስከ ጣሪያ ወደተቆለሉበት ጨለማ ጥግ ወሰዱኝ።

«እነዚህን አንሳልኝ።»

አነሳሁ። ከኋላቸው በጥቁር ፕላስቲክ የተሸፈነ ነገር አለ። ፕላስቲኩን ገለጥ አደረጉት፤ ሙሉ ፓሌት ዱቄት፣ ከረጢቱ በከረጢት ላይ በሥርዓት ተደርድሮ።

«እትዬ!»

«ዝም በል! ምን ያስጮኽሃል? የክፉ ቀን ነው። ግዢዎቹ ባዘገዩ ቁጥር ይኼን ፋብሪካ በምን ያቆምኩት ይመስልሃል?»

«ቀኑ አልፎበት ሽማግሎቹን ቢገድሏቸውስ?»

«አሮጌውን እያወጣሁ አዲሱን እተካለሁ እንጂ! ሞኝ አደረግኸኝ እንዴ?»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን አላስቆጠሩትም?»

እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰደዱ፤ ነጠላ ግን አልለበሱም፣ የለበሱት ቢጫውን የሥራ ሰደርያ ነው። «ልጅቷ መጥታ 'እትዬ፣ ያለው ይኼ ብቻ ነው?' አለችኝ። 'ይኼው ነው ልጄ' አልኳት። ምን ልበል? ጓዳ ያለው ሁሉ ተዘርዝሮ ያውቃል? እንዲህ ሁሉ ነገር የሚያያዝ መስሎኝ መቼ! አሁን ቶሎ በል፣ ማንም ሳያይ መቀላቀያው ጋ አውርድልኝና ይገላገሉ።»

ፓሌቱን በሹካው አነሳሁት። እውነት ለመናገር ላደርገው ነበር። ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ነው የሠራነው፤ የጎደለ በጓዳ በር ይሞላል፣ ማንም አይጠይቅም። መደርደሪያውን ዞር ስል ግን ወንጌላዊት መንገዴ ላይ ቆማለች። ፍሬን ያዝኩ። ዱቄቱ በአየር ላይ ተንጠለጠለ።

ዱቄቱን አየች። እሳቸውን አየች። 

«እትዬ» አለች።

«ልጄ፣ አትቆጪኝ። ወስጄ ላስገባልሽ ነው። ይኸው፣ አምኃ ያደርሰዋል።»

«አይሆንም እኮ እትዬ። ሳይመዘገብ ቢገባ መቀላቀያው አያውቀውም። ኦላና በጉልበት ቢከፍተው እንኳ ሲስተሙ ሾርባው ተሠራ አይልም። ካላለ ወረቀት አይወጣም። ወረቀት ካልወጣ መኪና አይወጣም። ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቢታመም ከየትኛው ከረጢት እንደበላ በምን እናውቃለን?»

«እሺ መዝግቢው። በጸጥታ መዝግቢው። እኔን አታንሺ። ከተባረርኩ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ማድረግ ትችል ነበር፤ ያን ያህል እኔም ገብቶኛል። የሲስተሙ ስህተት ነው ብላ ቁጥሩን ከቢሮዋ ማስተካከል ትችላለች። ግን ሲስተሙ ተሳሳተ ካለች ግሌን የተሳሳተ ሲስተም ለምን ያኖራል? የእትዬን ስም ብታነሳ ደግሞ እንጀራቸውን ያነሳችው እሷ ልትሆን ነው። እኔ ሹካዬን እንደሰቀልኩ፣ የማልጠቅም ሰው ሆኜ መሃላቸው ተቀምጫለሁ።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ሕጉ ቆጣሪው ራሱ ዞሮ እንዲያይ ነው። የእርስዎ ስቶር ሲሆን አላየሁም። የእናት ጓዳ እንዴት ይፈተሻል ብዬ።»

እትዬ ወሰንየለሽ እጃቸውን ዘረጉ። 

«ያንን የሚያበራውን ዕቃ አምጪው።»

የከረጢቱን መለያ የሚያነበውን ስካነሩን ነው። ከመጣ ጀምሮ እንደ እባብ የሸሹትን። ፓሌቱን አወረድኩ፣ እሳቸውም ከረጢቱን አንድ በአንድ ማስነበብ ጀመሩ።  የመጀመሪያው አልነበብ አለ። ሁለተኛ ሞከሩ። ጢት አለ።

«ምክንያት ይጠይቀኛል። ተበላሸ፣ ተመለሰ፣ ተገኘ ይላል። የቱን ልንካ?»

«እውነቱን ይንኩ።»

«'ደብቄው ነበር' የሚል የለውማ!»

እኔን ሳቅ አመለጠኝ፤ ሁለቱም እንደ ውሻ ገላመጡኝ።

«እንግዲያው ተገኘ» አሉና ነኩት።

«ይኼ የት ተገኘ?» አለ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ። ግሌን ነው። ክንዱን አጣምሮ መደርደሪያው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ወንጌላዊት ልትናገር አፏን ከፈተች። እትዬ ቀደሟት። እንግሊዝኛቸው አጭር ነው፣ የዚያን ቀን ግን በቃቸው።

«እኔ ደበቅኩ። ለክፉ ቀን። እሷ አታውቅም።»

«አንቺስ?» አለ ወደ ልጅቷ ዞሮ። «አረጋገጥኩ ብለሽ ፈርመሻል። ከኋላ ለምን አላየሽም?»

ልጅቷ ጓዳን በእንግሊዝኛ ልታስረዳ ሞከረች፣ አልሆነላትም። መጨረሻ ላይ «እናቴ ስለሆነች» አለችው።

«እናትሽ? የአባት ስማችሁ እንኳ አንድ አይደለም።»

የኛስ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል፣ ልለው ብዬ ተውኩት።

«ሁለታችሁም—» ብሎ ጀመረ ግሌን፣ እትዬ ግን አልጨረሱም ነበር።

«ግሌን። ዕቃ ሲያልቅ አንተ እዚህ ትመጣለህ። ቀስ ብለህ 'ዌሲ፣ ከኋላ የቀረ ነገር የለሽም?' ትለኛለህ። እኔ ሁልጊዜ አለ እልሃለሁ። ከየት የሚመጣ መሰለህ?»

 የግሌን ጆሮ ቀስ እያለ ቀላ። ሰዓቱን አየ፣ ፓሌቱን አየ፣ ከዚያ የቀሩትን ከረጢቶች ጠቆመና «ጨርሺ» አለ።

ጨረሱ። ወንጌላዊት ላፕቶፗን ባዶ ፓሌት ላይ ዘርግታ ተንበረከከች። ነጭ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል። ይሽከረከራል። ራቅ ብሎ የአንዱ መኪና ሞተር ጠፋ፤ ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ ነው። የእረፍት ደወሉ ሊደወል ምንም አልቀረውም። እትዬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እሑድ እንዳደረጉት አልጮኹም፣ ይኼኛው ጸሎት ለሰው የሚሰማ አልነበረም።

«አረንጓዴ!» የሚል ጩኸት ከኩሽና መጣ። ኦላና ነው። «አረንጓዴ ሆነ! ከረጢቱን አምጣ፣ ምን ትጠብቃለህ!»

እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። መቀላቀያው ሲያጓራ ደወሉ ተደወለ። ግሌን ደወሉን ሰማ፣ ወንጌላዊትም አየችው። የሚዘጋ ከሆነ የሚዘጋው አሁን ነው። ወደ ቢሮው ሳይሆን ወደ ግቢው ሄደ፣ ሞተሩን ያጠፋውን ሾፌር መስኮት አንኳኳና «ትንሽ ጠብቅ፣ እየመጣ ነው» አለው። ሾርባው ሲደርስ ሲስተሙ መኪኖቹን መልሶ መደበ፣ አታሚውም ወረቀት መትፋት ጀመረ። የመጀመሪያው መኪና በግቢው በር ሲወጣ ግሌን ወደ ልጅቷ ተመልሶ «ነገ ስቶሩን በሙሉ እንደገና ትቆጥሪያለሽ። ከኋላም፣ ከላይም። ቀደም ብለሽ ነይ» አላት። ነገ ነይ አላት። ሌላ ነገር መስማት አላስፈለገንም።

ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው። ለወንጌላዊትም። የእትዬ ቅጣት ግን በማግስቱ በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ሲስተሙ በድንጋጤ ያዘዘው ዱቄት። ሲራገፍ ማስቀመጫ አጣን።

«ይኼ ሁሉ!» አሉ እትዬ ወገባቸውን ይዘው። «እኔ አንድ ፓሌት ብደብቅ ወንጀለኛ ሆንኩ፣ እሱ ግን ይኼን ሁሉ ሲያግበሰብስ ብልህ ነው?»

ወንጌላዊት ሳቀችና ወለሉ ላይ በቢጫ ቴፕ አራት ማዕዘን አሰመረችላቸው። ዱቄቱ ከዚህ በታች አይውረድ ብላ መጠኑን ሲስተሙ ውስጥ እንዳስገባች፣ የክፉ ቀኑ ከእንግዲህ እዚህ እንደሚቀመጥ፣ ግዢም ሽያጭም ኩሽናም እንደሚያየው አስረዳቻቸው።

እትዬ ቴፑን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ሰው ሁሉ እያየው» አሉ «ምኑን የክፉ ቀን ሆነ?»

ማታ ስንመለስ ላፕቶፑ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። አሁን እንኳ ታወራኛለች ብዬ ሬዲዮውን ቀነስኩ። ዞር ብዬ ሳያት አፏን ከፍታ ተኝታለች። ብሬብሩክ እስክንደርስ ጉድጓዶቹን ሁሉ እየሸሸሁ ነዳሁ።