የሐሙስ ስንቅ

የተቆላ ገብስ ሽታ ከጓዳ ወጥቶ ለቀስተኛው መሃል ሲደርስ የሴቶቹ እንጉርጉሮ ተቋረጠ። ጎረቤቷ ደመቀች ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ወለተሐና ምድጃው ሥር ተንበርክካ ገብስ ታምሳለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አይታይሽም? ገብስ እየቆላሁ።"

"ለቅሶ ቤት እስከ ሰልስቱ እሳት አይነድም! ትናንት ነው አፈር ያለበስናት። ጎረቤት የሚያመጣው እህል አነሰሽ?"

"ለእኔ አላነሰኝም። ይኼ ተፈጭቶ በቅቤ ተለውሶ ጭኮ ይሆናል፤ የገብረአብ ነው።"

ደመቀች ስሙን ስትሰማ ዞር ብላ መጋረጃውን አየች። "ኧረ ቀስ በይ! ይርጋለም ጠመንጃውን ይዞ ደጅ ተቀምጧል።"

ሟቿ ይመኙሻል የወለተሐና ታላቅ እህት ነበረች። ገብረአብ ደግሞ የይመኙሻል አንድ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ሲማር ባለፈው ግንቦት ፀረ-አብዮት ተብሎ ተያዘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እናቱ ከአንኮበር በእግሯ እየወጣች በየሐሙሱ ስንቅ ታደርስለት ነበር። የታሰሩበት ግቢ በር ላይ ስም ይጠራል። ስንቁ ከገባ ልጅሽ አለ ማለት ነው፤ "ከእንግዲህ አታምጪ" ከተባልሽ ግን የለም፤ ሌላ መርዶ ነጋሪ አይላክም። ውስጥ ያለውም እንደዚያው ሐሙስን ጠብቆ ነው ቤቱ ደኅና መሆኑን የሚያውቀው። አንድ ልጅ ስንቁ ሁለት ሐሙስ ቢቀርበት እናቱ መሞቷ ገባው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል እያለ ሳይቀምስ ሞቶ በቃሬዛ ወጣ። ይህን ለወለተሐና የነገረቻት ራሷ ይመኙሻል ናት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገ ሰልስት። ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ለመገኘት ነገ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ግድ ነው።

"በሰልስቷ ቀን ጥለሻት ልትሄጂ?" አለች ደመቀች። "ሌላ ሰው ይሂዳ!"

"ማን? አንቺ ትሄጃለሽ?"

ደመቀች የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች።

"እንግዲያው ያንን ወንፊት አቀብዪኝ።"

ከቀትር በኋላ ሴቶች በሞሰብ እህል ይዘው መጡ። እንደ ወጉ ሐዘንተኛ አፏን ትገጥማለች፤ ሰው "ስለ ማርያም፣ አንድ ጉርሻ" እያለ ይለምናታል፤ እንቢታዋ በበዛ ቁጥር ሐዘኗ ከበደ ይባላል። ወለተሐና ሳህኑን ከሰጪዋ እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገች። በላች። ጠርጋ በላችና "ጨምሩልኝ" አለች።

ሰጪዋ ሞሰቡን እንደገና ከፈተች።

ሁለተኛውን ስትጨርስ እጇን ታጥባ፣ "አሁን ልተኛ ነው። ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ" አለች።

"ሰው ሊያለቅስ እየመጣ?"

"ሲመጣ አልቅሱለት።"

ጓዳ ገብታ ጋቢዋን ተከናነበች። ከመጋረጃው ወዲያ ሹክሹክታው አልቀረም።

"ደረቷን እንኳ አንዴ አልመታችም እኮ።"

"ትጠላት ነበር እንዴ?"

ወለተሐና ሰማች። እናታቸው ስትሞት እሷን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ይመኙሻል ናት። ቤት የገባውን ሁሉ "በልተሻል? በልተሃል?" ሳትል አታልፍም ነበር። እሷን ራሷን ግን የሚጠይቃት አልነበረም። ልጁ ከተያዘ ወዲህ በቀን ከአንድ ጭብጥ ቆሎ በላይ አትቀምስም። በመስከረም ወለተሐና ክንዷን ይዛ ጮኸችባት፤ ክንድ ሳይሆን አርጩሜ ነበር።

"ምን ነካሽ? ለምን አትበዪም?"

"እሱ እዚያ ሆኖ እኔ እንዴት ይወርድልኛል?"

"ብትወድቂስ? ማን ያደርስለታል?"

ይመኙሻል ሳቀች። "አንቺ አለሽልኝ አይደል?"

ባለፈው ዓርብ ከደብረ ብርሃን ስትመለስ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ወደቀች፤ ሰዎች ተሸክመው አመጧት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ፣ "ሳንባዋን ብርድ መትቷታል፤ ግን ሰውነቷ ባዶ ነው፣ መድኃኒቱስ ምኑን ይዞ ይሥራ?" አለ። ሰኞ ጠዋት አረፈች፣ ያኑ ዕለት ተቀበረች። ወለተሐና ከማዘኗ ይልቅ ተናዳለች፤ በሞተ ሰው ተናደድኩ ተብሎ ደግሞ ለማን ይነገራል? የጋቢውን ጥለት ነክሳ እንቅልፉን በግድ አመጣችው።

ስትነሣ ፀሐይ አዘቅዝቋል። እግሯን በሞቀ የጨው ውሃ ነክራ ስታሽ የንስሐ አባቷ አባ ወልደተንሣኤ ገቡ። ደመቀች ሁሉንም ነግራቸዋለች።

"ልጄ፣ ሰልስቱ ያላንቺ እንዴት ይሆናል? ያላት አንዲት እህት ነሽ።"

"አባ፣ እሷ እርስዎ አሉላት። ቤተ ክርስቲያኑ አለላት። እሱ ነው ማንም የሌለው።"

"አገሩ ምን ይላል?"

"እስከ ዛሬ ካለው ምን ይጨምራል?"

አባ ሊመልሱ ሲሉ ጠመንጃ የያዘው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ይርጋለም በሩ ላይ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ማን መጣ ማን ቀረ ሲቆጥር የዋለ ነው።

"ነገ የት ልትሄጂ ነው የሚባለው?"

"ደብረ ብርሃን።"

"ለፀረ-አብዮት ስንቅ የሚያመላልስ ሰው ስሙ ይመዘገባል። ነግሬሻለሁ።"

እጆቿን በውሃው ውስጥ አጣብቃ ያዘች።

"ስሜን ታውቀዋለህ። ያሳደግሁህ ጎረቤትህ ነኝ፤ ጻፈው።"

አባ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ለእሱ ሳይሆን ለእሷ እንደሆነ ሰው ሁሉ እንዲያይ፣ ግንባሯን አሳለሟት። "በሰላም ያግባሽ። ሰልስቱን እኔ አለሁበት" አሉ። ይርጋለም ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ወጣ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣ ጭጋጉ ገና ገደሉን እንደሞላ፣ ጭኮውን በአገልግል ይዛ ወጣች። ዳገቱ ላይ ደረቷ ሲጠብባት ተቀመጠች። በሶዋን በጥብጣ ጠጣች። እንደገና ሄደች። እህቷ በዚህ መንገድ ላይ አርፋ አታውቅም፤ ወለተሐና አራት ጊዜ አረፈች፣ ባረፈችም ቁጥር "ይኼውልሽ፣ እንዲህ ነው" እያለች ተጣላቻት። ደብረ ብርሃን ከመግባቷ በፊት ጥቁር ሻሿን ፈትታ ጡቷ ሥር ወሸቀች፤ ነጠላዋንም ሐዘን እንደሌለበት ሰው አጣፋች። በር ላይ የታየ ሁሉ ውስጥ ይነገራል።

ሐሙስ ጠዋት በግቢው በር ላይ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ቆመዋል። አንዷም አታወራም። ስም ሲጠራ አንዷ ወደፊት ትላለች፤ ሌሎቹ መሬት ያያሉ።

"ገብረአብ!"

አገልግሉን ሰጠች። ዘቡ ይዞት ገባ። "አታምጪ" አላላትም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ብዙ ቆይቶ ያው ዘብ ተመልሶ መጣ። ዕድሜው ከገብረአብ አይበልጥም፤ በሩ ላይ አዲስ ነው። አገልግሉን ከፈተላት። ጭኮው እኩል ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ አለ።

"ይኼ የእናቴ ነው ብሏል።"

ወለተሐና አልገባትም።

"እንደ ነገረኝ በየሳምንቱ ግማሹን ይልክልሻል፤ አንቺ በልቻለሁ ብለሽ ታስነግሪዋለሽ፤ አልበላሽም። እሱም ያውቃል። አሁን የራሱን ድርሻ እንዳስቀመጠ ነው። 'ስትበላ ዐይተህ ንገረኝ፤ ያለዚያ አልቀምስም' ብሎኛል።" ዘቡ ፊቷን አየ። "እናቱ ነሽ አይደል?"

ጀርባዋ ላይ የአርባ ሴቶች ዓይን አለ።

"ነኝ" አለች።

ቆርሳ ጎረሠች። ገብሱና ቅቤው ምላሷ ላይ ሟሙቶ አልወርድ አላት። እንባዋ ሊቀድማት ሲል ዓይኗን ሳትሰብር ዘቡን ትክ ብላ አየችው፣ ዋጠችውም። አፏን ከፍታ አሳየችው። እንደገና ቆረሰች።

"ይበቃል፣ አይቻለሁ" አለ ዘቡ፣ ወደ ውስጥም ዞረ።

እሷ ግን አላቆመችም። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች፣ ማንም ሳይለምናት፣ የእህቷን ድርሻ እያላመጠች ጨረሰች።