ከኢንሱሊን የተረፈች ብጣሽ

ልብስ ሰፊዋ ከላቦራቶሪው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር አሥር ጊዜ ተነስታ አሥር ጊዜ ተቀመጠች። ልጇን የስኳር በሽታ ከያዛት ሦስት ወር ሆኗል። ልጅቷ ዛሬ የሰጠችው ደም ቆሽቷ አሁንም በራሱ ኢንሱሊን ይሠራ እንደሆነ ይለያል። እናትየዋ ግን ከቤት ሳይወጡ ኢንሱሊን ወግታታለች፤ ያ መርፌ የሌለውን አለ ቢያስብልስ?

«የታመመው የኔ ቆሽት፣ የሚያርረው ግን ያንቺ» አለች ልጅቷ።

ባለሙያው ወረቀት ይዞ ሲወጣ እናት ቀድማ ተናዘዘች።

«ጠዋት ኢንሱሊን ወግቻታለሁ። ውጤቱ ውሸት ነው አይደል?»

«የለም፣ እናቴ። ቆሽት መጀመሪያ የሚሠራው ረዘም ያለ ነገር ነው። መሃሉን ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሁለቱ ጫፎች እንደተያያዙ ይቀሩና ኢንሱሊን ይሆናሉ። ተቆርጦ የወጣውም ደም ውስጥ ይገባል፤ እኛ የለካነው እሱን ነው። የመርፌው ኢንሱሊን ግን አልቆለት የመጣ ስለሆነ ቁራጭ የለውም።»

«እንደ ጨርቅ ብጣሽ በለኛ። ብጣሽ ከወደቀ እዚያው ቤት ተሰፍቷል ማለት ነው።»

«ልክ ነዎት። ልጅዎም ብጣሹ አላት፣ ትንሽ ቢሆንም።»

ልጅቷ እናቷን አቀፈቻት። እናት ግን ከመላው ንግግር «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ቀርታለች።

«ትንሽ ማለት እስከ መቼ?»

«አይታወቅም። ወራትም ዓመታትም ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው የሚቀጥለውን ምርመራ ቀን አሁኑኑ ጻፍልኝ» አለች። «ዝም ብዬ ከምፈራ ቀን ቆጥሬ ብፈራ ይሻለኛል።»