ሀምዳን ያለበት ዲስክ

ሂንድ ጆሮዋን ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን አስጠጋች። ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ የቪዲዮው ኮፒ ግማሽ ላይ እንደቆመ ነው። "ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም" የሚለውን መልእክት ዘግታ እንደገና ሞከረች። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

አብሯት የተማረው ዝናው ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ደወለችለትና ስልኩን ወደ ሳጥኑ አስጠጋችው።

"ሰማሁት" አለ። "ዲስኩ ራሱ ነው የተጎዳው ሂንድ። በሞከርሽ ቁጥር ይብስበታል።"

"ላጥፋውና ላምጣልህ?"

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። እንደበራ ከተውሽውም ውስጡ ያለው ማንበቢያ እየፋቀ ይጨርሰዋል። እኔ ብሆን አጠፋው ነበር። ግን ማረጋገጫ አልሰጥሽም።"

ዲስኩ ላይ ያለው ወንድሟ ሀምዳን ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ እየመታ፣ ከታች ሆና በእሱ ስልክ ከምትቀርፀው ሚስቱ ጋር ሲቀላለድ የሚያሳይ ቪዲዮ። ውጫሌ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሲሞት ስልኩም አብሮት ተሰባበረ፤ የቀረው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ያደረገው ብቻ ነው። ሚስቱ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ልጅቷ የተወለደችው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

የሐይቅ ከተማ መብራት ደግሞ አያስተማምንም። ሂንድ አሞኛል ብላ ከሥራ ቀርታ ከጠዋት ጀምሮ ከሳጥኑ አጠገብ አልተነሳችም። አምፖሉ ደብዘዝ ባለ ቁጥር እጇ ማጥፊያው ድረስ ይሄድና ይመለሳል።

እናቷ ወይዘሮ አሪፋ ሰላታቸውን ጨርሰው ገቡ። "ጁምዓ አይደል? እንደ ሁልጊዜው ልጄን አታሳዪኝም?"

ሂንድ ሰበብ ፈለገች፤ አጣች። "ተበላሽቷል እማ። አሁን ምናልባት አንዴ ይከፈትልን ይሆናል። ደሴ ብወስደው ሊተርፍ ይችላል፤ ግን ስናጠፋው በዚያው ሊቀርም ይችላል።"

አሪፋ ወንበር ስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። መነፅራቸውን አደረጉ። ሂንድ ማውሱን ያዘች።

"አሁን ካየሁት ያልቃል ማለት ነው?"

"ሊያልቅ ይችላል።"

አሪፋ መነፅራቸውን አወለቁ። "እኔ ፊቱን አውቀዋለሁ። የማታውቀው ልጁ ናት። ማሳየቱን ተይው፣ ደሴ ውሰጂው።"

"ካልተነሳስ እማ?"

"አላህ ያውቃል። እንዲህ ከበነው ተቀምጠንስ እስከ መቼ?"

ሂንድ ማጥፊያውን ተጫነች። ውስጥ የሚሽከረከረው ነገር ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጸጥ አለ። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ማለቱ አስፈራት። መልሳ አብርታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ መነሳቱን ልታረጋግጥ አማራት። ጣቷም ወደ ማብሪያው ተመለሰ።

ሳትጫነው ጎንበስ ብላ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።